ያልገለበጥኩት ገጽ

ባለፈው መስከረም ገረሴ ውስጥ የማስተምርበት ትምህርት ቤት አዲስ የመማሪያ ክፍል ያሠራ ነበር። ግንበኞቹ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶችን ከአጥሩ ሥር ሲከምሩ የአራተኛ ክፍል ልጆቼ ተሻምተው ወሰዷቸው። አቧራ የያዘውን ወረቀት ገፈው ጣሉ፤ ንጹሑን ቡናማ ወረቀት አራግፈው፣ ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው ደብተራቸውን ለበጡበት። በማግስቱ ጠዋት ክፍል ስገባ ጉሙ በመስኮት ገብቶ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነበር። ደብተሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ያ ደረቅ፣ ኖራ ኖራ የሚል፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ መጣ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ልጆቹ የምጽፈውን ይጠብቃሉ። እኔ ግን ያደግኩባት ላንቴ ነበርኩ፤ በዚያ ሙቀት፣ በአስተማሪዬ በጋሼ ማርቆስ ፊት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ።

ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼም በዚህ ይስቁብኛል። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር። እኔ መጽሐፍ ሳነብ እጨነቃለሁ። ቃሉ ከብዶኝ አይደለም፤ የማስተምረውም ማንበብ ነው። ነገር ግን ገጹ እኩሌታ ላይ ስደርስ መዳፌ ያልበኛል፣ ደረቴ ይጠባል፣ ሳላስበው በግራ እጄ የታችኞቹን መስመሮች እሸፍናለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ በጥንቃቄ የማነብ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ከገጹ ግርጌ ወይም ከጀርባው የማውቀው ሰው ስም የሚጠብቀኝ ስለሚመስለኝ ነው። የሳይንስ መጽሐፍ ቢሆንም ያው ነው። አብዛኛው ሰው ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አያውቅም። እኔ ግን ክፍሉን፣ ጠረጴዛውንና ደብተሩን አውቃለሁ።

ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የሙዝ ቀበሌ ናት። ትምህርት ቤታችን በሦስት ጎኑ በሙዝ ተክል የተከበበ ነበር፤ ነፋስ ሲነሣ ቅጠሉ የቆርቆሮውን ጣሪያ ስለሚፍቀው አስተማሪው ነፋሱ እስኪያልፍ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የሁላችንም ዩኒፎርም በሙዝ ወተት ጠቁሮ ነበር፤ ያ እድፍ በምንም ሳሙና አይለቅም። ከሰዓት በኋላ አይሱዙዎቹ ሙዝ ሊጭኑ መንገዱ ዳር ሲቆሙ የሞተራቸው ጩኸት የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ይውጠው ነበር።

ጋሼ ማርቆስ የአማርኛ አስተማሪያችን ነበሩ። ረጅምና ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸው ከመታጠብ ብዛት ግራጫ የሆነ፣ የመነጽራቸው አንድ እግር በመዳብ ሽቦ የታሰረ ሰው። ደብተሮቻቸው ሁሉ በሲሚንቶ ወረቀት የተለበጡ ነበሩ። የትምህርት ዕቅዱም፣ ስም መጥሪያውም፣ የማርክ መመዝገቢያውም አንድ ዓይነት ቡናማ ስለነበሩ ከእሳቸው በቀር የሚለያቸው ሰው አልነበረም።

እኛ ቤታችን የምንናገረው ጋሞኛ ነው። አማርኛ የገበያና የመጽሐፍ ቋንቋ ነበር፤ ስናነብ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ እናደርግ ነበር። ጋሼ ማርቆስ በዚህ አይቆጡም። ቆመን አንድ ገጽ እንድናነብ ያደርጉናል፤ ስንሳሳት ትክክለኛውን ቀስ ብለው ይነግሩንና እንቀጥላለን። የሚቆጡት አንድ ልጅ ገጹ መሐል ላይ ሲያቆም ብቻ ነበር። እኔ ያን ጊዜም ሰው ፊት ማንበብ ይከብደኝ ነበርና ብዙ ጊዜ አቆም ነበር። ከጎኔ መጥተው ይቆማሉ፤ የጠመኔና የላብ ሽታቸው ይደርሰኛል።

«ከመፍራትሽ በፊት ገጹን ጨርሺ» ይሉኛል። «ከዚያ ገልብጪው። ከዚያ በኋላም ፍርሃቱ ካልለቀቀሽ ለእኔ ትነግሪኛለሽ።»

ጋሼ ማርቆስ ሌላም ሥራ ነበራቸው፤ ይህንን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አካባቢ ሰው ሲሞት ከመቀበሩ በፊት የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። የት እንደተወለደ፣ ምን እንደሠራ፣ ስንት ልጆች እንዳሉት፣ እንዴት እንደታመመ። የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ አፈር ይመለሳል። ብዙ ቤት ጽሑፍ የሚችል ሰው ስላልነበረ የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢም ጎረቤቱም ወደ ጋሼ ማርቆስ ይልካል። እሳቸው ጽፈው ይመጣሉ፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ያነቡና ራሳቸው ወደ ጋሞኛ ይመልሱታል። በሚያነቡበት ጊዜ ደብተሩ እጃቸው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላ ቦታ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ፊደል በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። እኛ ልጆቹ ሬሳ ይፈራሉ እያልን እንስቅባቸው ነበር።

አገሩ አዲሱን ሚሊኒየም ሊቀበል ባንዲራና ካናቴራ በሚሸጥበት ዓመት እናቴ ታመመች። አባቴ የሞተው እኔ ሳልራመድ ስለሆነ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እናቴ አማረች ሙዝ ከማሳ በጀርባዋ አውጥታ መንገድ ዳር ታደርስ ነበር። መጀመሪያ ሸክሙ ከበዳት፣ ከዚያ ባልዲው፣ በመጨረሻ ነጠላዋ ራሱ የከበዳት ይመስል ነበር። የሳንባ ነው ይባላል፤ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላም ይሉ ነበር። አርባ ምንጭ ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ተኝታ ተመለሰች። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ጋሼ ማርቆስ ከደጃችን ማንጎ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው ነበር። እሷ ታወራለች፣ እሳቸው ይሰማሉ። ስደርስ ዝም ይላሉ። ለመጠየቅ የመጡ ነበር የመሰለኝ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ማርቆስ ስም መጥሪያውን ቤት ረስተውት መጡና እንዳመጣላቸው ላኩኝ። በመንገዴ ላይ ሙዝ ነጋዴው አቶ ዳና ሙዝ ሲያስጭን አየኝና እንደ ልማዱ በቅጥነቴ ለከፈኝ። «አንቺ መሠረት፣ ነፋስ ከመጣ የሙዝ ግንድ ያዢ፣ ወደ ሐይቁ እንዳይወስድሽ» አለ፤ ጫኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

የጋሼ ማርቆስ ባለቤት እትዬ አስቴር ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አራት ቡናማ ደብተሮች ተደርድረዋል። የተሳሳተ ይዤ መመለስ አልፈለግኩም፤ ያን ጊዜም ሥርዓት የምወድ ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ እየከፈትኩ ማየት ጀመርኩ። ሁለተኛው ደብተር ላይ ስም አየሁና ስም መጥሪያ መሰለኝ። ስሙ ግን ከሁለት ዓመት በፊት የቀበርናቸው ሽማግሌ ስም ነበር። ቀጣዩ ገጽ ላይም የሞተ ሰው ነው። ቀጣዩም። ሰባት ስም ቆጠርኩ፤ ሰባቱም ሞተዋል። ስምንተኛው አቶ ዳና ነበር። አቶ ዳና፣ አሁን መንገድ ላይ የሳቀብኝ፤ ታሪኩ ከላይ እስከ ታች ተጽፎ የዕድሜውና የቀኑ ቦታ ብቻ ባዶ መስመር ሆኖ ቀርቷል።

ገለጥኩ።

«ወይዘሮ አማረች ... ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ___ ዓመታቸው ...»

ከዚህ አላለፍኩም። የገጹ እኩሌታ ላይ ነበርኩ። የሙዝ ቅጠሉ ጣሪያውን ሲፍቀው ይሰማኛል። በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩን በተራ አስቀመጥኩት፦ ሰባቱ ሞተዋል፣ ቀጥሎ አቶ ዳና ነው፣ ከዚያ እናቴ ናት። ጋሼ ማርቆስ የጻፉት ሁሉ ይሞታል። እዚህ ደብተር ውስጥ ከሌለች ግን አትሞትም። ቅጠሉን ከሥሩ ይዤ ቀደድኩት። ስፌቱ ላይ ጣት የምታህል ቁራጭ ቀረች። ወረቀቱን ማቃጠል ፈራሁ፤ ከተቃጠለች እሷም የምትቃጠል መሰለኝ። በአራት አጥፌ በራሴ ደብተር ልባጥ ውስጥ፣ ከሲሚንቶ ወረቀቱ ሥር ከተትኩት። ከዚያ ስም መጥሪያውን ይዤ ሮጥኩ። ጋሼ ማርቆስ አመሰገኑኝ።

እናቴ ወር ሳይሞላ ሞተች። አቶ ዳና አልሞተም።

ይህን ሁለተኛውን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ እኔ ለብዙ ዓመት ያሰብኩት እሱን ነውና። ሰው ታሪኩን በቁሙ ቀድሞ እንደሚያስጽፍ አላውቅም ነበርና ተራውን ያዛባሁት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። ገጹን ባልቀድደው ኖሮ ከአቶ ዳና በኋላ ትሆን ነበር፤ በቀደድኩት ጊዜ ከመስመሩ አውጥቼ ወደ ፊት ገፋኋት። ለማንም አልተናገርኩም። ማን ይህን ይናገራል?

በቀብሩ ቀን ጋሼ ማርቆስ ከሬሳ ሳጥኑ ጎን ቆመው ቡናማውን ደብተር ከፈቱ። እኔ ከሴቶቹ መሐል ሰሌን ላይ ተቀምጬ እጃቸውን ብቻ አይ ነበር። ገለጡ፣ ቆሙ። ጣታቸው ስፌቱ ላይ የቀረችውን ቁራጭ ነካች። ቀና ብለው የሙዙን ማሳ አዩ እንጂ እኔን አላዩም። መጋቢው ጉሮሮውን ጠራረገ። ከዚያ ጋሼ ማርቆስ ማንበብ ጀመሩ፤ የት እንደተወለደች፣ ስንት ዓመት ሙዝ እንደተሸከመች፣ በመዘምራን ክፍል ስትዘምር ድምፅዋ ወፍራም እንደነበር፣ የአንዲት ልጅ እናት እንደሆነች። ዓይናቸው የነበረው ግን የአቶ ዳና ታሪክ ላይ ነበር፤ አቶ ዳና ደግሞ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ያለቅሳል። አንድም ቃል አልሳቱም። ሁልጊዜ የሚንቀጠቀጠው ደብተር ያን ቀን ጸጥ አለ። የማያነቡ ስለነበሩ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ቀን ማንጎው ሥር ወደተቀመጥኩበት መጡና በርጩማውን ሳቡ። ከእናቴ ወንድም፣ ከአጎቴ ሻንካ ጋር ወደ ካምባ እንደምሄድ ድንኳኑ ውስጥ ሲወራ ሰምቼ ነበር። ጋሼ ማርቆስ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጠረጉ።

«ገጹ አንቺ ጋ ነው?» አሉኝ።

አንገቴን ነቀነቅኩ። የምመታ መሰለኝ።

«ጥሩ። ላንቺው ነው። ጨርሰሽ አንብበሽዋል?»

ገጽ መሐል ላይ ማቆም እንደሚያስቆጣቸው አውቃለሁ። «አዎ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እስከ መጨረሻው?»

«አዎ።»

«እና ምን አሰብሽ?»

ስለ ካምባ የጠየቁኝ መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ካምባ ነበርና። «ከአጎቴ ጋር እሄዳለሁ» አልኩ።

 አንድ ያልበሰለ ማንጎ ከመሬት አንሥተው ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወሩት። «ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «አልጫናትም ብዬ ለእናትሽ ቃል ገብቻለሁ። ቃሌ ነው።» ተነሥተው ሲሄዱ እግራቸው ከባድ ነበር። ምን ቃል እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ስለ ቅዳጁ ስላልተቆጡኝ ብቻ ደስ አለኝ።

የካምባን ሦስት ዓመት ብዙ አልተርከውም። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም። አምስት ልጆች፣ አንዲት ላም፣ ጠባብ ቤትና የታመመች ሚስት ነበሩት። እኔ ሕፃን አዘልኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ በገበያ ቀን ጎመንና ቦይና የምንለውን ጎደሬ ይዤ ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤቱ ከገበያው አጥር ማዶ ስለነበር ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያነቡ ይሰማኝ ነበር፤ አንዱ ሲያቆም የእኔ ልብ ይመታል። በየዓመቱ መስከረም አንድ የጭነት ሾፌር ከላንቴ የተላከ ደብተር ያደርስልኝ ነበር። በሲሚንቶ ወረቀት የተለበጠ፣ ባዶ ደብተር። ደብዳቤ የለውም፣ «እንዴት ነሽ» እንኳ የለውም። አንደኛውን የአጎቴ ልጅ ጻፈበት፤ ሁለተኛው ለምድጃ ማቀጣጠያ ሆነ፤ ሦስተኛውን ደበቅኩት። ጋሼ ማርቆስ ለምን አንድ መስመር እንኳ እንደማይጽፉልኝ ይገርመኝ ነበር፤ ትንሽም ተቀየምኳቸው።

በአራተኛው ዓመት አንዲት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አጎቴን አነጋግራ ትምህርት ቤት መለሰችኝ። በቁመት የእኔን ግማሽ ከሚያህሉ ልጆች ጋር ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ተራ ነገር ነው፤ ተማርኩ፣ አርባ ምንጭ መምህራን ኮሌጅ ገባሁ። የፈተናውን መጽሐፍ ሁሉ መዳፌ እያላበኝ አነበብኩ። የታጠፈው ገጽ በአሮጌው ደብተሬ ልባጥ ውስጥ አብሮኝ ዞረ። አልከፈትኩትም። ግማሹን አውቀዋለሁና ቀሪው የባሰ እንጂ የተሻለ ሊሆን አይችልም ብዬ ነበር።

ኮሌጅ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ላንቴ እየሄድኩ ጋሼ ማርቆስን እጠይቅ ጀመር። ጡረታ ወጥተው ነበር። ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ የሚጽፉት መስመር ወደ ታች ይንሸራተት ነበር። ሦስቱ ልጆቻቸው፣ ሁለቱ ወንዶችና ሴቷ፣ ሐዋሳና አዲስ አበባ ሥራ ይዘዋል። እትዬ አስቴር ሙዝ ቀቅላ በሚጥሚጣ ታቀርብልኛለች፤ ትወደኝ ነበር፣ ግን ስታየኝ የምትውጠው ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጋሼ ማርቆስ አሁንም ሳነብ እፈራ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኩ።

«እኔም» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ብዙ ጊዜ አላየኋቸውም። «ቀብር ላይ እጄ ሲንቀጠቀጥ ትስቁብኝ ነበር፤ አውቃለሁ። ሬሳ ፈርቼ አይደለም። ሕያው ሰው ስሙን ብሳሳት ያርመኛል። የሞተው አያርመኝም። አንድ ጊዜ ነው የሚነበበው።»

ይህን ከነገሩኝ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ገረሴ ተመድቤ ማስተማር እንደጀመርኩ፣ ጋሼ ማርቆስ አረፉ የሚል ስልክ ተደወለልኝ። ከገረሴ ብርድ ወርጄ ላንቴ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ሰዉ ተሰብስቦ ነበር። እትዬ አስቴር ቡናማውን ደብተር ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። «መሠረት ታንብበው ብሏል» አለችኝ። «ራሱ ነው የጻፈው።»

አስቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ። ለተማሪዎቼ የማስተምረው ይህንን ነው፦ ሰው ፊት የምታነቡትን ለብቻችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት። እኔ ግን ያንን ደብተር ለብቻዬ መክፈት አልቻልኩም። በሕዝቡ ፊት ነው የከፈትኩት። አቶ ዳና፣ አሁን ከዘራ ይዞ፣ በጋሞኛ ሊመልስ ከጎኔ ቆመ። ወረቀቱ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ፊደሎቹ ትልልቅና የተንጋደዱ ነበሩ። የትውልድ ቦታቸውን አነበብኩ፣ ያስተማሩበትን ዘመን አነበብኩ፣ ከዚያ ግራ እጄን ከታችኞቹ መስመሮች ላይ በግድ አንሥቼ ቀጠልኩ። እንዲህ ይል ነበር፦

«መምህር ማርቆስ ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ።»

አራት? ሦስት ናቸው። ሦስቱም ፊቴ ቆመዋል። ዓይናቸው ደክሞ ነው፣ ተሳስተዋል አልኩ በልቤ። አንድ ጊዜ ነው የሚነበበው፣ የሞተው አያርምም። ስለዚህ እኔ አረምኩላቸው። አስተማሪ ነኝ።

«የሦስት ልጆች አባት ነበሩ» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

አቶ ዳና በጋሞኛ መለሰው። እትዬ አስቴር ከሰሌኑ ላይ ቀና ብላ አየችኝና አንገቷን ደፋች። አፈር ተመለሰ።

እትዬ አስቴር ደብተሩን ውሰጂው አለችኝ። ገረሴ ስመለስ ገልጬ ስሄድ ጣት የምታህለውን ቁራጭ አገኘኋት። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ አልነቀሏትም፤ ሌላ ወረቀትም አልለጠፉባትም። አፈርኩ። የልጅነት ጥፋቴን ቢያንስ አሁን ላስተካክል ብዬ የዱቄት ሙጫ አፈላሁ፣ አሮጌውን ደብተሬን አወጣሁ፣ የታጠፈውን ወረቀት ከልባጡ ሥር ጎተትኩ። ለመለጠፍ የቅዳጁ ጠርዝ በየትኛው ወገን እንደሚገጥም ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ገለበጥኩት።

ጀርባው ተጽፎበት ነበር። በዚያ በማስመሪያ የተሰመረ በሚመስል ፊደላቸው፦

«ይህ ገጽ ለመሠረት ነው። በሰው ፊት አይነበብ፤ ከቀብር በኋላ ተቆርጦ ይሰጣት። ልጄ፣ እኔ መጻፍ ስለማልችል ጋሼ ማርቆስ እኔ እንዳልኩት ይጽፉልኛል። አጎትሽ ሊወስድሽ ይመጣል። ወንድሜ ነው፣ ክፉ አይደለም፤ ቤቱ ግን ችግር አለበት፣ ትምህርትሽ ይቀራል። ጋሼ ማርቆስና አስቴር አራተኛ ልጃችን ትሁን ብለዋል። አልጋሽን አሠርተዋል። ግን ከዘመድ መለየት ከከበደሽ ሂጂ። ማንም እንዳይጫንሽ አስምያቸዋለሁ። አንብበሽ፣ አስበሽ፣ የፈለግሽውን ለጋሼ ማርቆስ ብቻ ንገሪ። ሳል ስለሚያስቸግረኝ ብዙ አላወራም። ጠዋት ጠዋት ፊትሽን ታጠቢ።»

ሙጫው ብረት ድስቱ ውስጥ ደረቀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ላንቴ ወረድኩ። ለእትዬ አስቴር ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ ስም መጥሪያውን፣ ተራውን፣ ማንጎው ሥር የዋሸሁትን፣ ቀብሩ ላይ ያረምኩትን። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። 

«እኛ እኮ አልፈለገችንም ብለን ነበር» አለች። «እሱ በየዓመቱ ደብተር ሲልክልሽ፣ ጻፍላት ስለው፣ ቃል አለብኝ ይለኛል። ቀብሩ ላይ ደግሞ ሦስት ስትዪ ... ዛሬም እምቢ አለች አልኩ በልቤ።»

ወደ ጓዳ ይዛኝ ገባች። ከግድግዳው ጋር አንዲት ጠባብ የእንጨት አልጋ ነበረች፤ ላይዋ የበቆሎ ከረጢት ተከምሮባታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ በዚያ ጓዳ በር አልፍ ነበር፤ አልጋዋ የእህል መደርደሪያ ነበር የምትመስለኝ። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የተሠራች ስለሆነች አሁን ብተኛባት እግሬ ይወጣል።

ከዚያ ወደ ድሮው ደጃችን ሄደን ከማንጎው ሥር ተቀመጥን። ደብተሩን ይዤ ነበር፤ የእናቴ ገጽ በሌላ ሙጫ በቦታው ተለጥፏል፣ ትንሽ ተጣሟል። እትዬ አስቴር ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀብር ላይ እንደሚቀመጡት ተቀመጠች።

«አሁን አንብቢልኝ» አለች። «እንደጻፈው።»

ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። መንገዱ ላይ አይሱዙ ይጭናል። ወረቀቱ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ መዳፌ አልቦታል፤ ይህ አልተወኝም፣ የሚተወኝም አይመስለኝም። ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ አቆምኩ፣ ከዚያ አነበብኩት፦ የአራት ልጆች አባት ነበሩ። እትዬ አስቴር በጋሞኛ ቀስ ብላ ለራሷ መለሰችው። እስከ ታች፣ እስከ መጨረሻው መስመር ሄድኩ።

ከዚያ ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነበር።